የፊት ቀለበቱ የማይነግርዎ
ያውቁ ኖሯል? የዛሬው ርእስ ያገለገለ የካሜራ ሌንስ

ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ወይም ከዘመድ ቁም ሣጥን አንድ ያረጀ ሌንስ እጅዎ ገባ እንበል። ፊቱ ላይ ስም፣ ጥቂት ቁጥሮችና የአንድ አገር ስም ተቀርጿል። የት ተሠራ? መቼ? በማን? ስሙን ቶሎ አይመኑ፤ ስሙ ብዙ ጊዜ የሻጩ ነው። ሠሪውን የሚያጋልጡት ቁጥሩ፣ መግጠሚያውና መስታወቱ ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቪቪታር የሚባል የሌንስ ፋብሪካ እንዳልነበረ ያውቁ ኖሯል? ማክስ ፖንደርና ጆን ቤስት በ1938 በካሊፎርኒያ ያቋቋሙት ኩባንያ ነጋዴ እንጂ አምራች አልነበረም። ሌንሶቹን ጃፓን ውስጥ እያሠራ ቪቪታር ብሎ ይሸጣቸው ነበር። እንጀራውን የጋገረው ሌላ፣ በሞሰብ ያቀረበው ሌላ።

ጋጋሪው ግን ተደብቆ አልቀረም። የቪቪታር ሴሪያል ቁጥር መጀመሪያው ፋብሪካውን ይናገራል፦ 22 ከሆነ ኪኖ ፕሪሲዥን (በኋላ ኪሮን በሚል ስም የታወቀው)፣ 28 ከሆነ ኮሚኔ፣ 37 ከሆነ ቶኪና፣ 9 ከሆነ ኮሲና። ቀጥሎ ያለው አንድ አኃዝ የዓመቱ መጨረሻ ቁጥር ነው። ከዚያ የሚመጡት ሁለቱ የዓመቱን ሳምንት ያመለክታሉ። ስለዚህ 28731 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ሲያዩ ኮሚኔ የሠራው፣ በ7 በሚያልቅ ዓመት፣ በ31ኛው ሳምንት የወጣ ሌንስ ነው። 1977 ይሁን 1987 ቁጥሩ አይለይልዎትም፤ የመግጠሚያው ዓይነት ይለየዋል።

ይኸው ኩባንያ «ሲሪስ 1» በሚል ማዕረግ የሸጠው ከ70 እስከ 210 ሚሊሜትር የሚደርስ ዙም ሌንስ በአንድ ስም የተለያዩ ፋብሪካዎች ሥራ እንደሆነስ? የመጀመሪያው የኪኖ፣ ሁለተኛው የቶኪና፣ ሦስተኛው የኮሚኔ ነው። የኪኖው ፊት 67 ሚሊሜትር ፊልተር ይወስዳል፤ የቶኪናው 62። ሻጩ «ሲሪስ 1 ነው» ብሎ ዋጋ ሲጠራ «የስንተኛው?» ብለው ይጠይቁት። አብዛኛው ሻጭ ጥያቄው አይገባውም፤ ለገዢ ይህ መልካም ዜና ነው።

ሬቩ ወይም ሬቩኖን የሚለው ስም ፎቶ ክቬሌ የተባለው የጀርመን የፖስታ ሽያጭ ድርጅት ነበር። ፖርስትም የኑረንበርግ ነጋዴ እንጂ ፋብሪካ አልነበረም። ሃኒሜክስ ደግሞ የአውስትራሊያ አስመጪ ነበር። ቶሚዮካ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ የሠራው 55 ሚሊሜትር፣ የአፐርቸር (የብርሃን መግቢያ) ቁጥሩ 1.2 የሆነ እጅግ ብሩህ ሌንስ በአንዱ ገበያ ያሺኖን፣ በሌላው ሬቩኖን ተብሎ ተሸጧል። መስታወቱ አንድ፣ ዋጋው ግን ዛሬም እንደ ስሙ ይለያያል።

«ኩክ» በሚል ስም የታወቁት የእንግሊዝ ሌንሶች ኩክ የተባለው ኩባንያ እንዳልሠራቸው ያውቁ ኖሯል? ዴኒስ ቴይለር ዝነኛውን ባለሦስት መስታወት ሌንስ በ1893 ሲቀይስ የዮርኩ የኩክና ልጆቹ ድርጅት ተቀጣሪ ነበር። ድርጅቱ የቴሌስኮፕ ሠሪ ነውና ወደ ካሜራ ሌንስ መግባት አልፈለገም፤ ሥራውን በሌስተር ለሚገኘው ለቴይለር፣ ቴይለርና ሆብሰን ፈቀደለት። ስሙ ከዮርክ፣ እጁ ከሌስተር ሆነ።

ፎይክትሌንደር በ1756 በቪየና የተመሠረተ፣ በ1840 ፔትስቫል የተባለ ሰው የቀየሰውን ሌንስ ለገበያ ያቀረበ ጥንታዊ ስም ነው። ከ1999 ወዲህ ግን ይህን ስም ተሸክመው የሚወጡት ሌንሶች የጃፓኑ የኮሲና ናቸው። ጥሩ ሌንሶች ናቸው፤ የቪየና አያት ግን የላቸውም።

ኮንታክስስ? ስሙ የጀርመን ነው፤ ከ1975 ጀምሮ ግን ካሜራውን የሠራው የጃፓኑ ያሺካ ነው። በካሜራው ላይ የሚገጠሙት የካርል ዛይስ ሌንሶችም ከፊሎቹ በምዕራብ ጀርመን፣ ከፊሎቹ በጃፓን ተሠርተዋል። የተሠሩበት አገር ቀለበቱ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፤ ማጉያ መነጽር ይያዙ።

የመጀመሪያው የካኖን ካሜራ፣ ሃንዛ ካኖን የተባለው፣ በ1936 ለገበያ ሲቀርብ የተገጠመለት ሌንስ ኒኮር እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ካኖን ገና ሌንስ መሥራት አልጀመረም ነበር፤ ከዛሬ ተቀናቃኙ ከኒኮን፣ ያኔ ኒፖን ኮጋኩ ይባል ከነበረው፣ ይገዛ ነበር።

የአገር ስም ከማንኛውም ሰነድ በላይ ዕድሜ ይናገራል። «በተያዘች ጃፓን የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ካገኙ ዘመኑ ከ1947 እስከ 1952 ነው፤ ጃፓን በአሜሪካ ጦር ሥር የነበረችበት። «ጀርመን፣ የአሜሪካ ክልል» የሚለው ከጦርነቱ ማብቂያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የተጻፈ ነው። «ምዕራብ ጀርመን» እና «ዴ ዴ ኤር» (ምሥራቅ ጀርመን) ከ1949 እስከ 1990። ቼኮዝሎቫኪያ የሚል ካዩ ብዙውን ጊዜ የፕርዤሮቩ ሜኦፕታ ነው። እነዚህ አገሮች ዛሬ በካርታ ላይ የሉም፤ ሌንሶቻቸው ግን አሁንም ያነሳሉ።

አሁን ትንሽ ቆም የሚያሰኘን የዛይስ ታሪክ ነው። ካርል ዛይስ በ1846 በዬና የከፈተው ወርክሾፕ ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ ለሁለት ተሰነጠቀ። በኤፕሪል 1945 የአሜሪካ ጦር ዬናን ያዘ። ከተማዋ በስምምነት ለሶቪየቶች የምትተላለፍ ነበረችና፣ አሜሪካኖቹ ሲወጡ ከ70 በላይ የዛይስ ባለሙያዎችን ይዘው ወደ ምዕራብ ሄዱ። እነዚህ ሰዎች በኦበርኮኸን ሌላ ዛይስ አቋቋሙ፤ «ዛይስ ኦፕቶን» የሚል ሌንስ ካጋጠመዎት የዚያ ጅምር ልጅ ነው። ዬና የቀረው ደግሞ የምሥራቅ ጀርመን የመንግሥት ድርጅት ሆነ።

ሁለቱም «እውነተኛው ዛይስ እኔ ነኝ» አሉ። ክርክሩ በብዙ አገር ፍርድ ቤቶች ተዘዋውሮ በ1971 ለንደን ላይ በስምምነት ተቋጨ። በዚህ ጠብ ምክንያት የምሥራቁ ፋብሪካ ወደ ምዕራብ ገበያ ሲልክ ሙሉ ስሙን መጻፍ አይችልም ነበር። «ካርል ዛይስ ዬና ቴሳር» የነበረው ሌንስ «አውስ ዬና ቲ» ይሆናል፤ ባዮታር «ቢ»፣ ዞናር «ኤስ» ብቻ። ይህን የማያውቅ ሻጭ ስም የለሽ ብሎ ሊያራክሰው ይችላል። መስታወቱ ያው ነው።

የምሥራቅ ጀርመን ስም መቀየር በዛይስ አላበቃም። በጎርሊትዝ በ1896 የተመሠረተው ማየር ኦፕቲክ በ1968 ወደ ፔንታኮን ተጠቃለለ፤ «ኦሬስቶን» ይባል የነበረው 50 ሚሊሜትር ሌንሱም «ፔንታኮን» የሚል ስም ወጣለት። ዛሬ ሰው ለኦሬስቶን የበለጠ ይከፍላል። ለምን እንደሆነ መስታወቱን ቢጠይቁት አይመልስም።

ሶቪየቶች ደግሞ ዬና ከደረሱ በኋላ የጦርነት ካሣ ብለው ማሽኖችን ጭነው ወሰዱ። የኮንታክስ ካሜራ ማምረቻ ኪየቭ ወዳለው አርሴናል ፋብሪካ ተጓዘ፤ ከ1947 ጀምሮ «ኪየቭ» የተባለ ካሜራ ወጣ፣ ለዓይን ኮንታክስን ቁርጥ። የዛይስ ዞናርም ሩሲያ ገብቶ «ጁፒተር» ተባለ፦ ጁፒተር 8፣ ጁፒተር 3፣ ጁፒተር 9። ጁፒተር 12 የዛይስ ቢዮጎን ዘር ነው። ሄሊዮስ 44 ደግሞ የዛይስ ባዮታር፣ 58 ሚሊሜትር።

ሄሊዮስ 44-2 ከምንም በላይ የሚያጋጥምዎ አሮጌ ሌንስ ሳይሆን አይቀርም። ከዜኒት ካሜራዎች ጋር ይሸጥ ነበር፤ ዜኒት ኢ ብቻውን ከ3 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ከኋላ ያለውን ቅጠላ ቅጠል እንደ አዙሪት የሚያሽከረክር ምስሉ ዛሬ ፋሽን ሆኗል። ሻጩ «ብርቅ ነው» ካለዎት ግን ይሳቁበት። በደርግ ዘመን ሞስኮ ወይም ሌኒንግራድ ተምሮ የተመለሰ አጎት ያለው ቤት፣ ከመግዛቱ በፊት ሻንጣዎቹን ቢፈትሽ አይከፋም።

በሶቪየት ሌንሶች ላይ ከሴሪያል ቁጥሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ብዙ ጊዜ የተሠራበት ዓመት እንደሆኑ ያውቁ ኖሯል? 77 ብሎ ከጀመረ 1977 ነው። የእኛን ሰባ ሰባት እንዳይመስልዎ! በእኛ አቆጣጠር 1969 ወይም 1970 ነው፤ የድርቁ ሳይሆን የቀይ ሽብሩና የሶማሊያ ወረራ ዘመን።

ፋብሪካውን ለመለየት ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ማኅተም ይፈልጉ። የክራስኖጎርስኩ ፋብሪካ ምልክት የብርሃን ጨረር የሚያልፍበት ፕሪዝም ነው። አንዱ ሄሊዮስ 44-2 በክራስኖጎርስክ፣ ሌላው በቫልዳይ፣ ሌላው በቤላሩስ ተሠርቷልና ማኅተሙ ልዩነት አለው።

ፌድ የተባለው የሶቪየት ካሜራ ስሙን ያገኘው ከምሥጢር ፖሊሱ መሥራች ከፌሊክስ ኤድሙንዶቪች ድዘርዥንስኪ የስም ፊደላት ነው። ከ1934 ጀምሮ የሠሩት በካርኪቭ፣ በመምህሩ አንቶን ማካሬንኮ ይመራ በነበረ ማኅበር ውስጥ ያደጉ ወላጅ አልባ ወጣቶች ነበሩ። ካሜራው የጀርመኑ ላይካ ቅጂ ነው። በኋላ ዘመን ብልጦች ፌድንና ዞርኪ የተባለውን ሌላ የሶቪየት ቅጂ እየፋቁ «ላይካ» ብለው ቀርጸው፣ ወርቅ ቀብተው፣ የ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ ምልክት ጨምረው ለሰብሳቢዎች ሸጡ። ጁፒተሮችም በዚሁ መንገድ «ዞናር» ሆነዋል። ሌንሱን ፈትተው የካሜራውን አፍ ወደ ውስጥ ይመልከቱ፦ የርቀት መለኪያውን የምትገፋው ጫፍ በእውነተኛው ላይካ ላይ የምትሽከረከር ክብ ጎማ ናት፤ በፌድና በዞርኪ የማትዞር ድፍን ብረት።

ከሁሉ የምወደው የኮዳክ ምሥጢር ነው። ሮቸስተር ያለው ኮዳክ በሌንሶቹ ሴሪያል ቁጥር ፊት ሁለት የላቲን ፊደላት ያስቀምጥ ነበር። ቁልፉ «ካሜሮሲቲ» የሚል አንድ ቃል ነው። በላቲን ሲጻፍ አሥር ፊደል አለው፣ አንዱም አይደገምም፤ ሲ 1፣ ኤ 2፣ ኤም 3፣ ኢ 4፣ አር 5፣ ኦ 6፣ ኤስ 7፣ አይ 8፣ ቲ 9፣ ዋይ 0። ስለዚህ «ኢኦ» ብሎ የሚጀምር ኤክታር ሌንስ የ1946 ነው። የስዊድኑ ሃሰልብላድም በካሜራ አካሎቹና በፊልም ማኅደሮቹ ላይ ሌላ ባለ አሥር ፊደል ሐረግ በዚሁ መንገድ ተጠቅሟል።

በድሮ ኒኮር ሌንስ ስም ላይ የተቀጠለች አንዲት ፊደል የመስታወቶቹን ብዛት እንደምትቆጥር ያውቁ ኖሯል? ቲ ሦስት፣ ኪው አራት፣ ፒ አምስት፣ ኤች ስድስት፣ ኤስ ሰባት፣ ኦ ስምንት፤ ከግሪክና ከላቲን ቁጥሮች የተወሰዱ ናቸው። «ኒኮር ፒ» የተባለው 105 ሚሊሜትር ሌንስ አምስት መስታወት አለው። ኦሊምፐስ ቀለል አደረገው፤ ፊደሉ በላቲን ተራ ስንተኛ እንደሆነ ይቆጥሩ። ኤፍ ዙይኮ ስድስት፣ ጂ ዙይኮ ሰባት። ሚኖልታ ሁለት ፊደል ይጽፋል፤ «ሮኮር ፒኤፍ» ማለት በአምስት ክፍል የተደረደሩ ስድስት መስታወቶች። ሮኮር ራሱ ከኮቤ አጠገብ ያለው የሮኮ ተራራ ነው።

ታኩማር የሚለው የፔንታክስ ሌንስ ስም ከሰው ነው የተወሰደው፦ ከአሳሂ ኩባንያ መሥራች ወንድም ከታኩማ ካጂዋራ፣ በአሜሪካ ሠዓሊና ፎቶ አንሺ ከነበረው።

ለቅርብ ዘመን የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች ጀርባውን ያዙሩ። ብዙዎቹ ከመግጠሚያው አጠገብ ሁለት ፊደል ያለበት ኮድ አላቸው፤ የመጀመሪያው ፋብሪካ ነው (ዩ ከሆነ ኡትሱኖሚያ)፣ ሁለተኛው ዓመት፦ ኤ 1986፣ ቢ 1987፣ እንዲያ እያለ ይቀጥላል።

የትኩረት ርቀቱ በሴንቲሜትር ከተጻፈ («5 ሴሜ») ሌንሱ በአብዛኛው ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የነበረ ነው፤ ሚሊሜትር በኋላ ነገሠ። የአፐርቸር ቁጥሮቹ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8 ሳይሆኑ 3.2፣ 4.5፣ 6.3፣ 9፣ 12.5 ከሆኑ ደግሞ የድሮውን የአውሮፓ አቆጣጠር እያዩ ነው።

ዛይስ ውስጥ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ በ1935 መስታወት ላይ ስስ ቅብ በመቀባት የሚባክነውን ብርሃን መቀነስ ቻለ። ግኝቱ መጀመሪያ የጦር ምሥጢር ነበር። የተቀባ ሌንስ ላይ ዛይስ ቀይ «ቲ» ጻፈ፤ ማየር ቀይ «ቪ»፣ ሶቪየቶች ቀይ «ፔ»። ቅብ የሌለው ሌንስ የመብራት ነጸብራቁ ነጭ ነው። አንድ ንብርብር የተቀባው ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ይሰጣል። አረንጓዴና ቢጫማ ነጸብራቅ ሲቀላቀል ባለብዙ ንብርብር ነው፣ ማለት በአብዛኛው ከ1970ዎቹ ወዲህ።

የሚከተለው የእጅ ባትሪ ብቻ ይፈልጋል፤ ለእኔ ከሴሪያል ቁጥርም የሚበልጥ ማስረጃ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪውን በሌንሱ ፊት በትንሹ አዘንብለው ያብሩና የሚያዩትን የብርሃን ነጥብ ይቁጠሩ። መስታወት ከአየር ጋር የሚገናኝበት እያንዳንዱ ገጽ አንድ ደማቅ ነጥብ ይሰጣል። ሁለት መስታወቶች በሙጫ የተጣበቁበት ቦታ ግን የሚሰጠው ፈዛዛ ነጥብ ነው። ስለዚህ ሦስት ለየብቻ የቆሙ መስታወቶች ያሉት ተራ ሌንስ ስድስት ደማቅ ያሳያል፣ ፈዛዛ የለውም። ቴሳር ስድስት ደማቅና አንድ ፈዛዛ። ዞናር 50 ሚሊሜትር፣ 2 የሆነው ስድስት ደማቅና ሦስት ፈዛዛ። ባዮታርና ዘሩ ሄሊዮስ ስምንት ደማቅና ሁለት ፈዛዛ። የፊት ቀለበቱ በጎማ ቁራጭ ተፈትቶ በሌላ ስም ሊቀየር ይችላል፤ የመስታወቱን አቀማመጥ ግን የሚቀይር አጭበርባሪ የለም፣ ድካሙ ከትርፉ ይበልጣል። «ቴሳር» የተጻፈበት ሌንስ ያቺን ፈዛዛ ነጥብ ካላሳየዎት አይግዙ።

የብሎን ጥርስም ያታልላል። ከ1949ኙ ኮንታክስ ኤስ ጀምሮ የተለመደው መግጠሚያ 42 ሚሊሜትር ስፋትና 1 ሚሊሜትር የጥርስ ርቀት አለው፤ ፕራክቲካ፣ ዜኒትና የድሮ ፔንታክስ ይጋሩታል። በ1957 ታምሮን ያወጣው «ቲ» መግጠሚያ ግን በስፋት ያው 42 ሆኖ የጥርሱ ርቀት 0.75 ነው። አንድ ዙር ይገባልዎና ይነክሳል። በጉልበት ካዞሩት ሁለቱም ይበላሻሉ።

የ39 ሚሊሜትሩ ይባስ። የላይካ ሌንስ ከፊልሙ 28.8 ሚሊሜትር ይርቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ዜኒቶች መግጠሚያም 39 ነው፣ ርቀቱ ግን 45.2። የዜኒቱ ሌንስ ላይካው ላይ ይገባል፣ ግን ምንም ነገር ጥርት ብሎ አያሳይም። ብዙ ሰው ሌንሱ የተበላሸ ይመስለዋል።

39 ሚሊሜትር ብሎን ኖሮት የርቀት ማስተካከያ ቀለበት ከሌለው ምናልባት የካሜራ ሌንስ አይደለም፤ በጨለማ ክፍል ፎቶ የሚያሳድገው ማሽን ሌንስ ነው። ኤል ኒኮር፣ ኮምፖኖን፣ ሮዳጎን የሚሉት ስሞች የዚህ ናቸው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ያጥቡ የነበሩ ስቱዲዮዎች ሲዘጉ ብዙዎቹ ከሌላ ዕቃ ጋር ተደባልቀው ይሸጣሉ። የብርሃን መክፈቻና መዝጊያ ቅጠሎቹ ጭራሽ የሌሉት ደግሞ የፕሮጀክተር ነው።

አንዳንድ ሌንሶች ጨረር እንደሚያወጡ ያውቁ ኖሯል? 50 ሚሊሜትር፣ 1.4 የሆነው ሱፐር ታኩማር (ባለ ሰባት መስታወቱ) ቶሪየም የተቀላቀለበት መስታወት አለው። ቶሪየም 14 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ካልሆነ በግማሽ አይቀንስም፤ ከጨረሩ የተነሣ መስታወቱ ከዓመታት በኋላ ወደ ቢጫነት ይሄዳል። ቢጫነቱ ለመለየት ጥሩ ምልክት ነው፤ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠው ይዩት። ፀሐይ ላይ ለቀናት ቢቀመጥ ይገረጣል። ፎቶ ማንሳት አያሠጋም፤ መስታወቱን መፋቅ ወይም መፍጨት ግን አይሞከርም።

ትንሽ ወርቃማ፣ ሞላላ፣ «አልፏል» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ቃል የታተመባት ተለጣፊ ካገኙ አይላጧት። በ1954 የተቋቋመው የጃፓን የካሜራ ፍተሻ ተቋም ወደ ውጭ ለሚላኩ ዕቃዎች ይሰጣት የነበረ ምልክት ናት።

በመጨረሻ፣ ብዙ ሰው ሐሰተኛ መስሎት የሚያልፈው ስም። «ቫዱዝ» የተጻፈበት ሌንስ ካዩ የሊክተንስታይን ዋና ከተማ ናት፤ ሃይንዝ ኪልፊት ሌንሶቹን መጀመሪያ የሠራው እዚያ ነው። በ1955 የወጣው ማክሮ ኪላር ለ35 ሚሊሜትር ሪፍሌክስ ካሜራ ከተሠሩት ለቅርብ ምስል የሚሆኑ ሌንሶች የመጀመሪያው ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1954 ባወጣው «ሪር ዊንዶ» ፊልም ውስጥ እግሩ የተሰበረው ፎቶ አንሺ ጎረቤቶቹን የሚሰልልበት ረጅም ሌንስ የኪልፊት ነው፤ 400 ሚሊሜትር፣ ከድሬስደኑ ኤክዛክታ ካሜራ ጋር የተገጠመ።